በውሰት ለሄሉ የተሰጠሁ ደጋፊ

ስለ ማንያታ ቡድን ክፉ መናገር የሚፈቀድልኝ እኔ ብቻ ነኝ። ፈቃዱን ማን ሰጠሽ ብትሉኝ ራሴ ነኝ የሰጠሁት፤ ሌላማ ማን ይሰጠኛል። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ሰምታችሁ ሄዳችሁ «ማንያታዎች ኳስ አይችሉም» ብትሉና ብሰማ አንላቀቅም። አይችሉም። ግን እናንተ አትበሉ።

የግራ ክንፋችን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሮጠው፤ ጨው የሸተተው ፍየል ይመስላል። መስመሩን አልፎ፣ ደጋፊውን አልፎ፣ ባለሞተር ቦዳቦዳዎቹ ሰው የሚጠብቁበት ዛፍ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው ኳሷን ሜዳ ውስጥ እንደተዋት ትዝ የሚለው። አጥቂያችን ደግሞ ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ሁልጊዜ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። የክሩ መፈታት አይገርመኝም፤ የሚገርመኝ ኳሷ የምትመጣበትን ሰዓት እንዲህ አጥርቶ ማወቁ ነው። በረኛችን ሰው ወዳድ ነው። ጎሉ ጀርባ ከቆሙት ጋር ጨዋታ ይይዛል፤ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ግመል በምን ያህል እንደተሸጠ ይጠይቃል። ኳስ ስትመጣ «ቆይ መጣሁ» ብሎ ነው የሚዞረው። ሲመለስ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ጎሏም ገብታለች።

ባለፈው ዓመት «ፕሮፌሽናል ሆነናል» ተባለ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለልጆቹ ምሳ ሊያበላና አንድ ዓይነት ካልሲ ሊገዛላቸው ቃል ገብቷል ማለት ነው። ካልሲው መጣ። ድሮ እያንዳንዱ በየራሱ ቀለም ነበር የሚሸነፈው፤ አሁን ሁሉም በአንድ ቀለም ይሸነፋሉ። እድገት ነው።

እኔን ከዚህ ቡድን ጋር ያቆራኘኝ አመድ ነው። የሜዳውን መስመር ያሰምር የነበረው ሟቹ ባለቤቴ ነው። ለእኛ ሜዳ ብሎ ኖራ የሚገዛ ሰው የለም፤ አመድ ግን እሳት የሚነድበት ቤት ሁሉ አለ። እሱ ሲያልፍ ባልዲውን እኔ ያዝኩ። ሳምቡሳ የምጠብስበትን ምድጃ አመድ ሳምንቱን ሙሉ አጠራቅማለሁ፣ እነፋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። መስመሬ ቀጥ ያለ ነው። ነፋሱ እስኪነሳ ድረስ ቀጥ ያለ ነው ልበል። አስምሬ ስጨርስ ባዶ የዘይት ጀሪካኔን ገልብጬ የሜዳው ጥግ፣ ኮርናው አጠገብ እቀመጣለሁ። ወንበር የሚሰጠው ለአካባቢው ሹም ለቺፉ፣ ለነጋዴውና ለሀቢባ ነው።

ሀቢባን ላስተዋውቃችሁ። ላሳጥረው እሞክራለሁ፤ ስለ እሷ ከጀመርኩ የምጠብሰው ሁሉ ያርርብኛል። ሀቢባ የአሰልጣኙ የጉዮ አማት ናት። ወንበሩን ያገኘችው በዚህ ነው እንጂ ኳስና ሐብሐብ ጎን ለጎን ብታስቀምጡላት ለሁለቱም ቢላ ነው የምታመጣው። ጉዮ ገና ተጫዋች ሳለ፣ ልጇን ለመጠየቅ ሽማግሌ በላከ ሰሞን፣ እኔ ገበያ መሃል «ይህ ልጅ ኳስ ሲመታ ኳሷ ራሷ ታዝንለታለች» ብዬ ነበር። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ትክክል ነኝ። እሷ ግን ቂሟን ይዛ ቆየችና አንድ ሰርግ ቤት፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ቡድናችን የሚሸነፈው ያቺ ገደ ቢስ ኮርናው ላይ ስለምትቀመጥ ነው» አለች።

ገደ ቢስ። ይህች ቃል አንዴ ከወጣች የሚመልሳት የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የግራ ክንፉ ከሜዳ ቢወጣ በእኔ ነው። ክሩ ቢፈታ በእኔ ነው። በረኛው ሲያወራ ጎል ቢገባበት፣ ያወራው በእኔ ነው። እኔም እልህ ይዞኝ ከሁሉም ቀድሜ ሜዳ እገኛለሁ፤ ሲያዩኝ ፊታቸው ሲጠቁር ደስ ይለኛል። ደስ ይለኛል እላለሁ እንጂ ቤቴ ገብቼ ስበሳጭ ነው የማመሸው።

እንዲህ ሆነን ሳለ ትልቁ ጨዋታ መጣ። እኛና ሄሉ፤ ከሁለታችን አንዱ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል። ሄሉዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል፣ አንድ የከብት ገበያ እንውላለን። ኳስ ሲመጣ ግን አማች አማቹን አያውቅም።

ጨዋታው ሊደርስ ሲል ጉዮና አባ ገልገሎ ቤቴ መጡ። አባ ገልገሎ የሰፈራችን ሽማግሌ ነው፤ ያለ እሱ ሰርግም እርቅም አይሆንም። ስኳርና ሻይ ቅጠል በሌሶ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። በእኛ አገር ሁለት ወንዶች ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው፣ ሽርጣቸውን አስተካክለው ከመጡ ልጅ ሊጠይቁ ነው። እኔ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ያለችው ፍየሌ ብቻ ናት።

«ፈያ? ነጋ?» ብለን ሰላም ተባባልን። ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ የለም። ስለ ሣሩ ተጠያየቅን፤ እሱም የለም። ሻይ አፈላሁ፣ በራሴ ስኳር፤ ነገሩን ሳላውቅ የእነሱን አልፈታም። ጉዮ «እርስዎ፣ እርስዎ» ይለኛል። እስከዚያን ቀን «አንቺ» ነበርኩ። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

አባ ገልገሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኛ የመጣነው ለጥያቄ ነው።»

«ማንን ልትጠይቁ?»

«አንቺን።»

አልደብቃችሁም፣ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ዘለል አለች። አባ ገልገሎ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ጥርሱም አብዛኛው አለ።

«ለማን?» አልኩ፣ ሻሼን እያስተካከልኩ።

«ለሄሉ።»

«ለሄሉ ማን?»

«ለሄሉ ቡድን።»

ሻሼን ተውኩት።

«አኮ» አለ ጉዮ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፣ አያቴ ማለታቸው ነው። ከፊቴ አኮ፣ ከኋላዬ ገደ ቢስ። «አኮ፣ እንግዲህ እኛ ፕሮፌሽናል ነን። ትልልቅ ቡድኖች ተጫዋች በውሰት ይሰጣጣሉ። ልጁ ሄዶ ለሌላው ይጫወትና ይመለሳል። እኛም እርስዎን ለቅዳሜ ብቻ ለሄሉ ልናውስ ነው።»

«ሄጄ ምን ላድርግላቸው?»

«ይደግፏቸዋል።»

ስኳሩን አየሁ። ነገሩ ገባኝ። የደገፍኩት ሁሉ የሚሸነፍ ከሆነ፣ ሄሉን ብደግፍ የሚሸነፈው ሄሉ ነው።

«ይህን ያሰበው ማነው?»

ጉዮ ሻዩን አየ። አባ ገልገሎ የጣራውን ቆርቆሮ አየ። ሀቢባ ናት።

«ደግሞ» አለ ጉዮ ቀስ ብሎ፣ «ከልቧ ካልሆነ አይሠራም ብላለች።»

«ቤተሰብ ላማክር» አልኩ፤ ሥርዓቱ ነውና። ቤተሰቤ ፍየሏ ናት። ወጣ ብዬ አየኋት፤ የታሰረችበትን ገመድ እየበላች ነበር። ተመልሼ «እሺ» አልኩ።

እሺ ያልኩት ተንኮል አስቤ ነው። በአፌ ሄሉን እደግፋለሁ፣ በልቤ ማንያታን። ማንያታ ቢያሸንፍ፣ ልቤ ከማን ጋር እንደነበረ እኔ አውቃለሁ፤ ገደ ቢስ አለመሆኔን ቢያንስ አንድ ሰው ያውቃል ማለት ነው። ይህን ብልሃት ይዤ ስኳራቸውን ፈታሁ። በማግስቱ ሳምቡሳ ስጠቀልል ነገሩን ባገላብጠው ግን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ማንያታ ካሸነፈ አገሩ ሁሉ «ይኸው፣ እሷ ስትለቀን አሸነፍን» ይላል፤ ኮርናው አጠገብ ሁለተኛ አያስቀምጡኝም። ከተሸነፈ ደግሞ ያው ቡድኔ ተሸነፈ። ይህ ሳያንሰኝ ጉዮ ሲወጣ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ላይኛው ሊግ ላይ መስመር የሚሰመረው በኖራ ነው፣ ኖራውን ከማርሳቢት ከተማ ይልኩታል። የባለቤቴ ባልዲ ጡረታ ሊወጣ ነው። ለቡድኔ ድል መጸለይ በራሴ ላይ መጸለይ ሆነ። ጸለይኩ። ቂል ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ መስመሬን አሰመርኩ። ከዚያ የሄሉን አረንጓዴ ሌሶ ተከናንቤ፣ ጀሪካኔን ይዤ በማንያታ ደጋፊ ፊት ተሻገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስመጣ ያላጨበጨበ ሰው ስሄድ አጨበጨበ። ሀቢባ ከወንበሯ ቀና ብላ «ከልብሽ» አለችኝ። «ከልቤ» አልኳት፤ ጥርሴ ብቻ ነው የተናገረው።

የሄሉ ደጋፊዎች አለቃ ሀጂ ኑር የሚባል የግመል ነጋዴ ነው። ያባርረኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጀሪካኔን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ማማ፣ እዚህ ላይ ነው የሚቀመጡት?»

«ለምጄዋለሁ።»

«እኛ አልለመድነውም» አለና ወንበር አስመጣ። መደገፊያ ያለው፣ ክንድ ማሳረፊያም ያለው ወንበር፤ ጎሉ አጠገብ፣ ጥላ ሥር። ዝንጅብል የገባበት ሻይ በግመል ወተት ከፔርሙስ ቀዳልኝ። ወገቤ መደገፊያውን ሲነካ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም፤ ወንበር ያላችሁ ሰዎች አይገባችሁም። ሜዳው ሰፊ ሆኖ ታየኝ። የእኛ ልጆች ከዚያ በኩል ሲታዩ ደግሞ ይብሱን አይችሉም።

ጨዋታው ተጀመረ። ሀጂ ኑር ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ማማ፣ ያ በግራ በኩል የሚሮጠው አስፈራኝ። በምን እናቁመው?»

ስለ ኳስ ምን ታስቢያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሳልጠየቅ ነው ስናገር የኖርኩት። «አታቁሙት» አልኩ። «መንገድ ልቀቁለት፤ ራሱ ይወጣል።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ለቀቁለት። መስመሩን አልፎ፣ ሰውን አልፎ፣ ቦዳቦዳዎቹ ጋ ደረሰ። ሄሉዎች በሳቅ ፈረሱ፤ ሀጂ ኑር እንባውን እየጠረገ ሻይ ጨመረልኝ። በዚያ ሳቅ ተገዛሁ። ትንሽ ቆይቶ «ምታት ልጄ፣ ምታት» የሚል የአሮጊት ድምፅ ሰማሁ። ኳሷን የያዘው የሄሉ ልጅ ነው። ማናት ብዬ ዞርኩ። እኔ ነበርኩ። ተንኮሌ በአንድ ወንበርና በሻይ አለቀ።

ጎል ሳይገባ ማብቂያው ደረሰ። እኩል ከወጡ የሚያልፈው ሄሉ ነው፤ ነጥባቸው ይበልጣል። ማንያታዎች ኮርና አገኙ፤ እኔ ወዳለሁበት ጎል። ኳሷ ተመታች። አጥቂያችን እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ክሩን እያሰረ ነበር። ኳሷ መጥታ ጀርባውን መታችውና አቅጣጫ ለውጣ ወደ ጎሉ ሄደች። የሄሉ በረኛ በደረቱ ተደፋባት። ነፋስ ተነስቶ አቧራው ሁሉንም ሸፈነው።

ዳኛው ሩቅ ነበር፤ እየሮጠ ሲደርስ ሁለቱ ቡድኖች ማልያ ለማልያ ተያይዘዋል። «ገብታለች።» «አልገባችም።» «አቧራው ውስጥ ምን አይተህ ነው?» «አንተስ?» በእኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ይጠየቃል፤ በሬ ቢሆን፣ ውሃ ቢሆን፣ ኳስም ቢሆን።

ሀጂ ኑር እጁን አነሳ። «ጎሉ አጠገብ ያሉት እኚህ ማማ ናቸው። የእኛ ደጋፊ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቅ።»

ጉዮ ከዚያ በኩል እየሮጠ መጣ። «አዎ፣ እሷን ጠይቅ፤ የእኛ ናት።»

ማንም የእኛ ናት ያላላትን ሴት ሁለት ቡድን ይናጠቃት ጀመር። ሀቢባ ከማዶ ተነስታ «እሷ ምን ታያለች፣ ዓይኗ ደክሟል» ስትል ነፋሱ ቃሉን ሳያጎድል አመጣልኝ።

ዳኛው ፊቴ ቆመ። «እናቴ፣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ገብታለች?»

አቧራው ሳይነሳ በፊት አይቻለሁ። ኳሷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ አልፋለች፤ በረኛው የተደፋባት ወዲያ ማዶ ነው። አልገባችም ብል ምን እንደማገኝ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ተደርድሮ ታየኝ። የደገፍኩት ቡድን አለፈ፤ ገደ ቢስነቴ ቀረ። ኖራ አይመጣም፤ ባልዲዬ ባልዲ እንደሆነ ይኖራል። ወንበሩም፣ ዝንጅብሉም አለ። የሀቢባም ፊት አለ።

መስመሩን አየሁ። ጠዋት ጎንበስ ብዬ ያሰመርኩት ነው። ባለቤቴ ጎሉ አፍ ላይ ሲደርስ ባልዲውን አስቀምጦ አመዱን በእጁ ይጨምርበት ነበር፤ ነገር የሚነሳው እዚህ ነው ይል ነበር። እኔም እንደሱ አደርጋለሁ። ራሴ ባሰመርኩት ላይ ከዋሸሁ ነገ ባልዲውን በየትኛው እጄ ነው የማነሳው።

«ገብታለች» አልኩ።

ማንያታዎች አጥቂውን በትከሻቸው ተሸከሙት፤ ክሩ አሁንም እንደተፈታ ነው። እኔን የተሸከመኝ የለም። ሀቢባ በሌሶዋ እያራገበች «ሠራ፣ ከልቧ ነበር፣ ሠራ» ትላለች። ሄሉዎች አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሀጂ ኑር ግን ፔርሙሱን አነሳ። ከዚያ የተረፈውን ሻይ ቀዳና «ማማ፣ ይጨርሱት» አለኝ። እስክነሳ ድረስ ወንበሩን አልጠየቀኝም። ይህ ሰው ለምን የእኛ ሰፈር ሰው አልሆነም ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ ገደ ቢስነቴ በማስረጃ የተረጋገጠ ሆነ። ድሮ የሚጠራጠሩም ነበሩ። ጉዮ መንገድ ላይ አገኘኝና ዓመቱን ሙሉ ከሚመጣው እንግዳ ቡድን ጋር እንድቀመጥ ጠየቀኝ። «ፕሮፌሽናል ቡድን ውስጥ ሁሉም ሰው ቦታውን ማወቅ አለበት» አለኝ፤ «አንቺ» ብሎ ነው ያለኝ፣ ውሰቱ አልቋልና። ቤቴ ገብቼ ባልዲውን ጭድ ሞላሁበትና ዶሮዬን እንቁላል አስታቀፍኩበት።

የላይኛው ሊግ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሀቢባ ናት። ስንት ዘመን ያልረገጠችው ደጄ ላይ ቆማ ታለከልካለች።

«አመድ አለሽ?»

«ለምን?»

«ኖራው ማርሳቢት ቀርቷል። መኪናው ሳይጭነው ነው የመጣው። ዳኛው መስመር ከሌለ ጨዋታ የለም፣ ነጥቡን ለእንግዶቹ እሰጣለሁ አለ።»

«ጉዮ ለምን አልመጣም?»

«አፍሯል።»

«አንቺስ?»

«እኔ አላፈርኩም፤ ቸኩያለሁ።»

ይህን መልስ ወደድኩት፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። «አመድ አለኝ» አልኩ። «ግን በቦታዬ ነው የምቀመጠው፣ ኮርናው ጋ። ወንበርሽ ላይ።»

«ከተሸነፍንስ?»

«በእኔ አሳብቡ። ለምጄዋለሁ።»

ባልዲውን በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ «እሺ፣ ነዪ አስምሪ» አለች።

«ወገቤን አሞኛል» አልኳት። ወገቤ ደህና ነበር።

ዶሮዋን ስናስነሳት የጮኸችው ጩኸት እስከ ገበያ ተሰምቷል። ጀሪካኔን ከልማድ ይዤ ወጣሁ። ሜዳው ሞልቷል፤ ቺፉም ነጋዴውም ተቀምጠዋል። እኔ በሀቢባ ወንበር ላይ ተደላድዬ፣ ሀቢባ ሌሶዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባልዲውን ይዛ ጎንበስ ብላ በአገር ፊት ትሄዳለች።

«ወደ ግራ» እላለሁ።

«ግራ ነው እኮ።»

«እሱ ያንቺ ግራ ነው። እኔን አትይኝም?»

«አንቺን እያየሁ እንዴት መስመሩን ልይ?»

መስመሩ ውሃ ፍለጋ የወጣ እባብ መሰለ። ጎሉ አፍ ላይ ስትደርስ ግን ተቀምጬ ማየት አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ከባልዲው አፈስኩና በእጄ ጨመርኩበት፤ ከብረት እስከ ብረት፣ ቀጥ አድርጌ። ሀቢባ ቆማ አየችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ተሸነፍን። እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም፤ በረኛው ከእንግዶቹ ጋር አዲስ ወዳጅነት መጀመሩን ብቻ እወቁልኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ኮርናው ዞረ። መልሴን ይዤ፣ ክንዴን ወንበሩ ላይ አሳርፌ ጠበቅኳቸው።

አባ ገልገሎ ከፊት መጣ። እኔን አየ፣ ከዚያ ሜዳውን አየ። «ይህ መስመር ነው?» አለ። «በዚህ ላይ ሮጦ ማን ያሸንፋል? ልጆቹ የት እንዳሉ እንኳን አላወቁም። ማነው ያሰመረው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሀቢባ ዞረ። ጉዮም ዞረ። «እኔም ከመጀመሪያው ነገሩ አላማረኝም ነበር» አለ የገዛ አማቱን እያየ።

ሀቢባ እጇ እስከ ክርኗ አመድ ነው። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። አንድ ቃል ብናገርላት የሚጎድልብኝ ነገር አልነበረም፤ አልተናገርኩም። ጀሪካኔን ብቻ በእግሬ ገፋ አድርጌ አጠገቤ አስጠጋሁላት፤ ትቀመጥበት ብዬ።